የተቆጠረ ጎተራ የአገር ጋሻ ነው

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለወታደር ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለነጋዴም ይሠራል። ስለ ጦርነት ዝግጅት ሲነሣ ግን የንግዱ ወገን ነገሩ የጦር ሠራዊቱና የመንግሥቱ ጉዳይ ብቻ ይመስለውና ዝም ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ ያ ዝምታ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳትና ለምክር ቤታችን አባሎች አንድ ሐሳብ ለማቅረብ የታሰበ ነው።

ከቃሊቲ ጉምሩክ ተነሥቶ እስከ አቃቂ በሰቃ ድረስ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የመጋዘኖችን ጣራ፣ የፋብሪካዎችን አጥርና ተራቸውን የሚጠብቁ ከባድ መኪናዎችን ይመለከታል። ከባሕር በኩል ለሚመጣው ዕቃ የመዲናይቱ በር ይህ ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ አገሩ በሸቀጥ የተሞላ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ውስጡን የምናውቅ እኛ ነጋዴዎች፣ ከእነዚህ መጋዘኖች አብዛኞቹ ዕቃ የሚያድርባቸው እንጂ ዕቃ የሚቀመጥባቸው አለመሆናቸውን አንስተውም። ዛሬ ከጂቡቲ የገባው በሳምንቱ ወደ መርካቶ ይወጣል፤ ከመርካቶም ወደየክፍለ ሀገሩ ይበተናል። ገንዘባችን የሚዞረው እንዲህ ነውና በዚህ ማንንም ለመውቀስ አይቻልም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። መንገዱ ለስድስት ወር ቢዘጋ፣ በዚህ ክፍለ ከተማ ያሉት ፋብሪካዎች በእጃቸው ባለው ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ ስንት ቀን ይሠራሉ? ባለ ሱቁስ ለደንበኞቹ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ለስንት ሳምንት ሊያቀርብ ይችላል? ስለ ገዛ መጋዘኑ በቁጥር የሚመልስ ነጋዴ ይገኝ ይሆናል። የሁሉንም ደምሮ የያዘ መዝገብ ግን እኔ በበኩሌ አይቼ አላውቅም። የማይታወቅ ክምችት ደግሞ በችግር ቀን እንደ ሌለ ይቆጠራል።

ከነጋዴ መካከል ጦርነትን የሚወድ የለም። ጦርነት ደንበኛን ይበትናል፣ መንገድን ያቋርጣል፣ ብድርን ያበላሻል። ይሁን እንጂ ባለፉት 130 ዓመታት ውስጥ በአገራችን የደረሱትን ታላላቅ ጦርነቶች ብንመረምር፣ በእያንዳንዳቸው የነጋዴውና የአምራቹ ዝግጅት ወይም አለመዘጋጀት ከጦር ሜዳው ድል ወይም ሽንፈት ጋራ ተያይዞ እናገኘዋለን።

ከዓድዋ እንጀምር። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ እስኪዋጉ ድረስ አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ከዚያ በፊት ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰው ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ ገበሬውን አራቁቶት ነበር። ወታደሩ በገበሬው ቤት እየገባ የሚበላው ሥርዓት አገር የሚያጠፋ መሆኑ ስለ ታወቀም አሥራት ተደነገገና እህል በመንግሥት ጎተራ ይከማች ጀመር። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ መቶ ሺህ ያህል የሚገመተው ሠራዊት ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ቀኖች ስንቁ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። የጄኔራል ባራቲዬሪም ጦር እንደዚሁ ስንቁ አልቆበት ነበርና ለመመለስ ወይም ለመዋጋት ተገደደ። ስለዚህ በዓድዋ ዋዜማ ሁለቱም ወገኖች ይቈጥሩ የነበሩት የጥይቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የቀረውን የዱቄት ቀን ጭምር ነበር ለማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ወደ ሰፈራችን ወደ አቃቂ እንምጣ። ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ አቃቂ የደረሰው በ1907 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሬዲዮ ጣቢያ በዚሁ በአቃቂ ተሠርቶ ኢትዮጵያ ቃሏን በቀጥታ ወደ ውጭው ዓለም ለማሰማት ቻለች። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ነበሩ። ነገር ግን ሐዲዱ በፈረንሳዮች እጅ ነበር፤ የሬዲዮውንም ጣቢያ የሠራው የኢጣልያ ኩባንያ ነበር። በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ድንበራችንን ሲጥስ የኢትዮጵያ አለኝታ የነበሩት መንገድና መኪና ከፊሉ በባዕድ ፈቃድ የሚሠሩ ሆነው ተገኙ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ተዋጊዎች መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲያግዱ፣ መሣሪያውን በገዛ ፋብሪካዋ የምትሠራው ኢጣልያ ምንም አልጐደለባትም፤ እጇ የታሰረው ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ በኋላ የተከተሉት አምስት ዓመታት ግን ሌላ ትምህርት ያስተምራሉ። ፋብሪካ አልነበረም፤ ወደብ አልነበረም፤ ግምጃ ቤት አልነበረም። አርበኛው የቆየው ገበሬው እህሉን ስላካፈለው፣ በከተማም የነበሩት የውስጥ አርበኞች መድኃኒት፣ ጨው፣ ልብስና ጥይት በስውር ስላደረሱለት ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ንብረታቸውን እየሸጡ አርበኞችን መርዳታቸው በታሪክ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለውን ስንቅ ያስገኘ ትእዛዝ ወይም አዋጅ አልነበረም፤ በሰጪውና በተቀባዩ መካከል የነበረው መተማመን ነው። እንግዲህ ረጅም ጦርነት የሚጠይቀው አንደኛው ነገር ዕቃ፣ ሁለተኛው ነገር አመኔታ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ዕቃ ኖሮ አመኔታ ከጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ የሚከተለው ዘመን አሳይቶናል።

በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን በአንድ ጊዜ ወረሰ። በ1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚል ጥሪ ተላለፈ፤ ሕዝቡም አገሩ የተወረረ ነበርና ጥሪውን ተቀበለ። የጂቡቲ የባቡር መስመር ድልድዮቹ እየተሰበሩ ሲቋረጥ የአገሪቱ ንግድ በአሰብ ላይ ብቻ ተንጠለጠለ። በየካቲት ወር 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነጻ ወጣች። እስከዚህ ድረስ የሆነው ነገር የሚያኮራ ነው። ዳሩ ግን ያ ጥሪ ለአንድ ዘመቻ የተጠራ ሆኖ ሳለ በሰሜን በኩል ለዓመታት ለቀጠለው ጦርነት ቋሚ የኢኮኖሚ ሥርዓት ሆነ። ገበሬው እህሉን በተወሰነ ዋጋ በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ፤ የእህል ነጋዴው እንደ ወንጀለኛ ታየ፤ የከተማው ሰው በቀበሌ ሱቅ በር በሰልፍ ቆመ። ገበሬው ትርፍ ለማምረት ምክንያት አጣ፤ ነጋዴውም ዕቃ ለማስቀመጥ ፈራ። መንግሥቱ ራሱ ስሕተቱን አምኖ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲያወጣ ጊዜው አልፎ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ሁሉን ነገር ወደ ግንባር የላከ አገር ለሁለተኛው ዓመት የሚልከው ነገር አይኖረውም። ረጅም ጦርነትን የሚችል አገር ከኋላው የሚያርስ፣ የሚፈትል፣ የሚጠግንና የሚነግድ ሰው ሳይደናገጥ ሥራውን የሚቀጥልበት አገር ነው።

በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የአገራችን ገቢና ወጪ ንግድ ታላቁ ክፍል በአሰብ ያልፍ ነበር። ወደቡ በአንድ ጊዜ ተዘጋ፤ የብዙ ነጋዴዎች ንብረት እዚያው ቀረ። የዚያን ጊዜ ገንዘባቸውን በአሰብ መጋዘን አስቀርተው ከባንክ ዕዳ ጋራ የተፋጠጡ የሥራ ባልደረቦቻችን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ንግዱ ፊቱን ወደ ጂቡቲ አዞረና አገሪቱ ተረፈች። ነገር ግን ከአንድ በር ወደ ሌላ አንድ በር መዞር በሩን ሁለት ማድረግ አይደለም። ዛሬም ከገቢና ወጪ ዕቃችን ከመቶ ዘጠናው በላይ የሚያልፈው በዚያችው በጂቡቲ ነው። በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርና በአቃቂ አጠገብ ያለው የእንዶዴ የጭነት ጣቢያ ሥራውን አፍጥነውታል፤ በሩ ግን አንድ ነው። ከኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲመቱ ከአውሮፓ የሚመጣው ዕቃ መንገዱ ረዝሞ የመርከብ ኪራዩ እንደ ናረ አስመጪዎቻችን ያውቁታል። ያ ጦርነት የእኛ አልነበረም፤ ወጪው ግን ደርሶናል።

በቅርቡ ያለፈውን የሰሜኑን ጦርነት ደግሞ ሁላችንም በዓይናችን ያየነው ስለሆነ ብዙ መግለጫ አያሻውም። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ ሁለት ዓመት ቆየ። ስለ ጠፋው የሰው ሕይወት ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ በዚህ ጋዜጣ የሚገባኝን የንግዱን ነገር ብቻ ልናገር። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። ከ2014 ዓ.ም. አጋማሽ በፊት አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነጻ የሰጠችውን የገበያ ዕድል ለኢትዮጵያ ስትዘጋ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፍተው የሚኖሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ታገዱ፤ እገዳው የተነሣው የምንዛሪው ሥርዓት በተለወጠበት በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ነው። ዘይትና ስኳር የመሰሉትን ለማስገባት ደግሞ በፍራንኮ ቫሉታ መንገድ ተከፈተ።

በዚህ ስፍራ የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል። ዘይት ከመደርደሪያ ጠፍቶ ከጓሮ በሁለት ዋጋ የተሸጠባቸው ሳምንታት ነበሩ። ይህን ያደረጉት ሁሉም ነጋዴዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ሸማቹ የሚያስታውሰው ያደረጉትን ነው። በዚህም የተነሣ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች በከተማችን ሱቆችንና መጋዘኖችን ማሸግ ጀመሩ። ከታሸጉት መካከል በእውነት የደበቁ ነበሩ፤ ለወሩ ሽያጭ ያስገቡትን ዕቃ በመጋዘናቸው በማኖራቸው ብቻ የተጠረጠሩም ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ በእጥረት ጊዜ ዕቃ ማከማቸትንና መሰወርን የከለከለው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ነገር ግን በተግባር ሲታይ ነጋዴው ከዚህ የተረዳው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይኸውም መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማኖር አደጋ መሆኑን ነው። እንግዲህ አስተዋይ ነጋዴ ምን ያደርጋል? መጋዘኑን ባዶ ያደርጋል።

አገሪቱ ግን የምትፈልገው የተገላቢጦሹን ነው። የዚህ ጽሑፍም ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የተሰወረ ክምችትና የተቆጠረ ክምችት አንድ አይደሉም፤ በስም፣ በሕግና በምግባር ሊለዩ ይገባል። የተሰወረው ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው፣ ዋጋ እስኪንር የሚጠብቅ ነው። የተቆጠረው መጠኑ በመዝገብ የሰፈረ፣ አሮጌው በአዲስ እየተተካ የሚሸጥ፣ በምን ጊዜና በምን ዋጋ እንደሚወጣ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ፊተኛው በሕዝብ ችግር ይከብራል፤ ኋለኛው የሕዝብን ችግር ያሳጥራል።

ይህ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ስዊስ የምትባለው አገር ባሕር የሌላት፣ በተራሮች የተከበበች፣ እንደኛው ወደቧ በሰው እጅ ያለ አገር ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊነሣ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው በ1930 ዓ.ም. ሕግ አውጥታ አስመጪዎቿን መጠባበቂያ ክምችት እንዲይዙ አደረገች፤ ሥርዓቱ ዛሬም ይሠራል። ስኳር፣ ሩዝ፣ የምግብ ዘይት፣ እህል፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት እንደ ዓይነታቸው ለወራት የሚበቃ መጠን በነጋዴው መጋዘን ይቀመጣል። ዕቃው የነጋዴው ነው፤ በወለድ ረገድ የሚቀልለት ብድር እንዲያገኝ መንግሥቱ ዋስ ይሆነዋል፤ የማስቀመጫው ወጪ በገቢው ዕቃ ላይ ከሚታሰብ አነስተኛ መዋጮ ይሸፈናል። ለእኛ ለቡና ላኪዎች አገር የሚያስገርመው ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ቡናም መኖሩ ነው። በ2011 ዓ.ም. የስዊስ መንግሥት ቡና ለሕይወት አስፈላጊ አይደለም ብሎ ከዝርዝሩ ሊያወጣው ሲያስብ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣና ሐሳቡ ቀረ። ቡናውን የምናበቅል እኛ የወራት የዘይት ክምችት የለንም፤ ቡናውን የሚገዙት ግን የቡና ክምችት አላቸው።

ለዚህ አሠራር እኛም ፈጽሞ እንግዶች አይደለንም። አገራችን ከድርቅ ዘመናት ተምራ ያቋቋመችው የእህል መጠባበቂያ በብድር ሥርዓት ሲሠራ ኖሯል፤ እርዳታው በባሕር ላይ ሳለ ድርጅቱ ከመጠባበቂያው እህል ይበደርና መርከቡ ሲደርስ በዓይነት ይመልሳል። በዚህም መንገድ ጎተራው ሳይጐድል የተራበው ይበላል። ለእህል የተቻለው ለኩሽኔታና ለመድኃኒት የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ኩሽኔታ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ጸሐፊ የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ በአንዲት ኩሽኔታ ምክንያት ለ19 ቀን ቆመ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ወደ ሱቄ መጥቶ «ጋሼ፣ በእጄ የምትያዝ ብረት ናት እኮ፤ እንዴት አንዲት እንኳ ይጠፋል?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ኩሽኔታዪቱ በእኔ መደርደሪያ ላይ ልትገኝ የሚገባት ነበረች። ያላስመጣሁበትም ምክንያት በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ የምትሸጥ ስለሆነች ነው፤ ምንዛሪ በተገኘ ጊዜ ቶሎ የሚሸጠውን አመጣሁ። በመጨረሻው ችግሩን ያቃለለው በሰፈራችን ያለ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ነው፤ ቦኮላ ቀርጾ አስገባበትና ወፍጮው ኩሽኔታው እስኪደርስ በዝግታ ሠራ። 19 ቀን የቆመው ወፍጮ ለስንት ዳቦ ቤት ዱቄት እንዳልሰጠ ሳስብ፣ እኔ ያተረፍሁት ጥቂት ገንዘብ ለሰፈሬ ምን ያህል ውድ ሆኖ እንደ ተከፈለ ይገባኛል። ይህ የሆነው በሰላም ጊዜ፣ መንገድ ክፍት ሳለ ነው።

ስለ ብረት ሥራ ከተነሣ፣ አገራችን የጦርና የሰላም ኢንዱስትሪን በአንድ ላይ ለማሳደግ ያደረገችውን ሙከራ መዘንጋት አይገባም። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ሲቋቋም፣ የመከላከያና የሲቪል ፋብሪካዎች በአንድ አመራር ሥር ተጠቃለሉ፤ የአቃቂው የመለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካም አቃቂ ቤዚክ ሜታልስ ኢንዱስትሪ ተብሎ በዚያው ውስጥ ገባ። መለዋወጫን በአገር ውስጥ መሥራት የሚለው ዓላማ የሚመሰገን ነበር። ነገር ግን ኮርፖሬሽኑ የስኳር ፋብሪካውን፣ የማዳበሪያ ፋብሪካውንና የግድቡን ሥራ ሁሉ በአንድ ትከሻ ተሸከመ፤ ብዙዎቹም በጊዜያቸው ሳይፈጸሙ ቀሩ። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ 37 ቢሊዮን ብር ያህል የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ ገለጠ። ተወዳዳሪና ተቆጣጣሪ የሌለው ድርጅት፣ ምንም የአገር መከላከያ ስም ቢይዝ፣ ለረጅም ጦርነት የሚበቃ የኢንዱስትሪ ኃይል ሊሆን አይችልም። ያንን ኃይል የሚሰጡት የሚፎካከሩ፣ የሚጠግኑና እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ብዙ ትንንሽ የቶርኖ ቤቶችና ጥቂት ታላላቅ ፋብሪካዎች ናቸው።

አባ ሳሙኤልም ለዚህ ምስክር ነው። ኢጣልያኖች በአቃቂ ወንዝ ላይ የሠሩት ይህ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከነጻነት በኋላ ለአዲስ አበባ መብራት ሰጥቷል። ነገር ግን ደለል ሞልቶት፣ መሣሪያውም አርጅቶ ለዐሥርታት ቆመ፤ በቻይና ርዳታ ታድሶ ሥራውን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጠላት ያላጠፋውን የጥገና ጉድለት እንደሚያጠፋው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ በሰፈራችን አይገኝም።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን ለምክር ቤታችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለሕይወትና ለሥራ የግድ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች አጭር ዝርዝር ይውጣ፤ የምግብ ዘይት፣ ስኳር፣ መድኃኒት፣ የወፍጮና የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ፣ የከባድ መኪና ጎማና የመሳሰሉት። እነዚህን የሚያስመጣ ነጋዴ ከሽያጩ የተወሰነውን ድርሻ በመጠባበቂያነት ይያዝ፤ መጠኑም በምክር ቤቱና በመንግሥት መዝገብ ይስፈር። የአንዱ ነጋዴ ምስጢር ለሌላው እንዳይገለጥ ምክር ቤቱ ድምሩን ብቻ ያውጣ።

ሁለተኛ፣ በመዝገብ የሰፈረ ክምችት በሕግ የተጠበቀ ይሁን። ማኅተም ያለበት መጋዘን በመሰወር ወንጀል አይከሰስ፤ መንግሥት በችግር ቀን ዕቃው እንዲወጣ ቢያዝም አስቀድሞ በተወሰነው ስሌት ዋጋውን ይክፈል። ከመዝገብ ውጪ የተሰወረ ዕቃ የተገኘበት ነጋዴ ግን የሕጉ ቅጣት ሳይቀነስ ይድረሰው፤ የምክር ቤቱም ጥብቅና አይገባውም።

ሦስተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠ ዕቃ የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ወለዱን አንድ ነጋዴ ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ ፍትሕ አይሆንም። ባንኮች ለተመዘገበው መጠን ብቻ የሚያገለግል በወለድ የቀለለ ብድር ይስጡ፤ ወጪውም በዝርዝሩ ባሉት ገቢ ዕቃዎች ላይ በሚታሰብ ጥቂት ሳንቲም ይሸፈን። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው ነው።

አራተኛ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ያሉት የቶርኖ ቤቶች ከነመሣሪያቸው ዓይነት ይመዝገቡ፤ ፋብሪካዎቹም ቶሎ የሚያልቁትን መለዋወጫዎች ሥዕልና ልክ ለእነርሱ አስቀድመው ይስጡ። ብረቱ ከተሰበረ በኋላ ልክ መውሰድ ሲሮጡ መታጠቅ ነው።

አምስተኛ፣ ላኪዎችና አስመጪዎች ከጭነታቸው ጥቂቱን፣ ኪራዩ ትንሽ ቢበልጥ እንኳ፣ በበርበራም ሆነ በሌላ ወደብ ያሳልፉ። ሰው ያልሄደበት መንገድ በችግር ቀን መንገድ አይሆንም፤ የትራንዚተሩ፣ የሾፌሩና የባንኩ ወረቀት መለመድ የሚገባው በደህና ጊዜ ነው።

ይህን ሐሳብ ስናገር ሁለት ተቃውሞ እሰማለሁ። አንደኛው «ለጦርነት መዘጋጀት ጦርነትን መጥራት ነው» የሚል ነው። ነገር ግን የተሞላ ጎተራ የሚጠራው ማንን ነው? ድርቅ ቢመጣ፣ በ2012 ዓ.ም. እንዳየነው ያለ ወረርሽኝ ዓለምን ቢዘጋ፣ ጎረቤት አገር ቢታወክ፣ ያው ጎተራ ያገለግላል። እንዲያውም የወራት ስንቅ ያለው አገር በችኮላ ወደ ጦርነት አይገባም፤ ስንቁ አልቆበትም ክፉ ስምምነት አይፈርምም። ጊዜ ያለው ሰው ይመክራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መዝገባችንን ለመንግሥት ከገለጥን ነገ ይወረሳል» የሚል ነው። የ1967 ዓ.ም. ትዝታ ያላቸው አባቶች ይህን ሲሉ ፍርሃታቸው ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። ስለዚህ ነው ጥበቃው በቃል ተስፋ ሳይሆን በሕግ እንዲሆን የምጠይቀው። ሆኖም አመኔታ ከአንድ ወገን ብቻ አይጀመርም። መንግሥት የነጋዴውን መጋዘን በጥርጣሬ ዓይን እንዳያይ ከፈለግን፣ እኛም በ2014 ዓ.ም. ከጓሮ የተሸጠውን ዘይት እንደ ሌላ ሰው ጥፋት አድርገን ማለፍ አይገባንም።

በመጨረሻ ለባለ ሱቆች አንድ ቃል ልጨምር። በረጅም ችግር ጊዜ ሕዝቡ መንግሥቱንም ነጋዴውንም የሚመዝነው በእናንተ መስኮት ላይ ነው። ያለችውን ዘይት ለአንድ ሀብታም በካርቶን ከመሸጥ ለሠላሳ ደንበኛ በሊትር ማካፈል፣ የዱቤ መዝገብን በትዕግሥት መያዝ፣ ከሰፈሩ እድር ጋራ ተነጋግሮ አረጋውያንንና አራሶችን ማስቀደም፣ እነዚህ ማንኛውም ባለ ሱቅ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ናቸው። በአምስቱ የመከራ ዓመታት አርበኛውን ያቆየው የዚህ ዓይነት መተሳሰብ ነበር።

ምክር ቤታችን በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ መንግሥታትንና ብዙ ጦርነቶችን አይቷል። በእያንዳንዱ ጊዜ ከነገሩ በኋላ ተሰብስበን የጠፋውን ቆጥረናል። ለአንድ ጊዜ እንኳ አስቀድመን ያለውን እንቁጠር። እኔ የመለዋወጫ መጋዘኔን ዝርዝር፣ ያቺን ኩሽኔታ ጨምሮ፣ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ለማስረከብ ተዘጋጅቻለሁ፤ ሌሎችም የአቃቂ ቃሊቲ ባልደረቦቼ እንዲከተሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።